አልማዝ ባለ ጭራ

መጀመሪያ በግራ ጎኔ መጣች፤
እንደ ቁንጫ ንክሻ፣ እንደ ነገር።
ኅዳር ነው፤ ብሩክስ በበረዶ ጠፍታ
ከሥጋ ፋብሪካው እንፋሎት በቀር
የሚታይ አልነበረም።
ሰንሰለቱ በደቂቃ አራት በሬ ያሳልፋል፤
የኔ ድርሻ ግራ ጎን ነው፣
ከብብት እስከ ሽንጥ ቆዳ መግፈፍ።

በሦስተኛው ቀን ውኃ ቋጠረች።
ከአከርካሪዬ ተነሥታ ጎኔን ዞራ
እምብርቴ ጋ ስትደርስ ቆመች፤
መሐሉን አታልፍም፣ ድንበር ታውቃለች።
ሸሚዝ እሳት ሆነብኝ።
መስተዋት ፊት ክንዴን አንሥቼ አየኋት፤
ቢላዬ በሬው ላይ የሚሄድበት መሥመር
እኔ ላይ ተሰምሯል።

ክሊኒኩ ከዶሮ ጥብስ ቤቱ ጎን ነው።
ዶክተር ፔትራሼንኮ ወጣት ናት፣ ጥፍሯን ትበላለች።
ጠረጴዛው ላይ ስልክ፤ ስልኩ ውስጥ ሴት።
«አስተርጓሚ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ነኝ።»
ስም የላትም፣ ድምፅ ግን አላት፤
«ምን ሁነህ ነው?» ስትል አገሯን አወቅሁት።

«አልማዝ ባለ ጭራ ናት» አልኩ።
ስልኩ ዝም አለ፤ ሳቅ ሲታፈን ሰማሁ።
ቃል በቃል ገለበጠችው መሰለኝ፣
ዶክተሯ ብዕር አንሥታ
«ጭራ ያለው አልማዝ?» ብላ ጻፈች።
ከዚያ ዕድሜዬን አየች፣ ጎኔን አየች፣
ደሜን በሦስት ጠርሙስ ቀዳች።

በሳምንቱ ዶክተሯ ብዙ ተናገረች፣
እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።
አስተርጓሚዋ ጥቂት፦
«ደምህ ውስጥ… ቫይረሱ አለ።»
የቱ ብዬ አልጠየቅሁም።
በአማርኛ ቫይረስ ብዙ ነው፤
«ቫይረሱ» ግን አንድ ነው።

በቀን አንድ ክኒን፣ ዕድሜ ልክ።
አልማዝ ለፈረንጆቹ ገና ሄደች፣ ጭራዋ ቀረ፤
ላዩ አመድ የመሰለ ጠባሳ፣
ከሥሩ ያልጠፋ ፍም።

እግሬ ግን ከኔ የተለየው ቀደም ብሎ ነው።
ሁለት ዓመት ሙሉ
ወለሉ ቀዝቅዞ ነው እል ነበር።
ማታ በጣቶቼ መሐል ጉንዳን ይርመሰመሳል፣
አንሶላው ምስማር ይሆናል፤
ጠዋት ምንም።
ያላጠለቅሁት ካልሲ
እስከ ቁርጭምጭሚቴ።

ዶክተሯ የማይበላበት ሹካ አውጥታ
መታ አድርጋ፣ አውራ ጣቴ ላይ ተከለች።
«ንዝረቱ ይሰማሃል?» አለች ሰባት መቶ አሥራ ሁለት።
«ይሰማኛል።»
«አሁንስ?»
«ይሰማኛል።»
ሹካው ቆሞ ነበር።

ምን ልበላት?
የማይሰማው እግር ቢላ ይዞ
እርጥብ ወለል ላይ አይቆምም።
ካርቶን ማጠፍ ይልኩኛል፣
በሰዓት አራት ዶላር ከሃምሳ ዝቅ፤
የታናሼ የኮሌጅ ክፍያ ደግሞ
ነርቭ ምን እንደሆነ አያውቅም።

በየካቲት አንድ ሌሊት ቦቲዬን ሳወልቅ
ካልሲዬ ቀልቷል።
«የበሬ ነው» አልኩ።
ደባሌ ዲሪርሳ አልመለሰልኝም፤
ቦቲውን ዘቅዝቆ አራገፈው።
የቢላ ስባሪ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል፣
ቂው ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።
«ስንት ሰዓት ቆምክበት?»
ስምንት። ሙሉ ፈረቃ።
እሱ እኔን አየ፣ እኔ ብረቱን፤
ከአምፖሉ ሥር ያበራል፣
አልማዝ።

ሰኞ ስልኩ ተከፈተ።
«አስተርጓሚ አራት መቶ ስድስት ነኝ።» የወንድ ድምፅ።
ያቺኛዋስ ብዬ በምን ስም ልጠይቅ?
ካልሲዬን አወለቅሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።
«በቀጭን ክር ትነካሃለች፤ ሲሰማህ እሺ በል» አለ።

ዝም አልኩ።

ውጭ የጭነት መኪና በሬ ጭኖ አለፈ፣
መስኮቱ ተርገፈገፈ።

ዝም አልኩ።

«ወንድሜ፣ ጀምራለች እኮ» አለ ስልኩ።
«ገብቶኛል» አልኩት፤
«ንገራት፣ ትጻፈው።»